ለአንድ ዘፈን የሚሆን ጊዜ

መርካቶ አንድ ቀን የዋለ ሰው ስንት ዘፈን እንደሚሰማ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ከሱቁ በር ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ፣ ከታክሲው ራዲዮ፣ ከጫኝና አውራጁ ስልክ፣ ከምሳ ቤቱ ቴሌቪዥን፣ ማታ ደግሞ ዕቃችንን ከጫነው ኤፍ ኤስ አር ፍላሽ። ሞያሌ ስትደርሱ ያው ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ማታቱ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ወንበሩ ሳይቀር ይዘፍናል። ሌሊት ጋደም ብላችሁ "ዛሬ ምን አዳመጥኩ?" ብትሉ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከተላችሁት አንድም ዘፈን ላታገኙ ትችላላችሁ።

አማርኛችን ለዚህ ሁለት ቃል አለው፤ መስማትና ማዳመጥ። የምንሰማው ነገር ሳንጠራውም ይመጣል። ለማዳመጥ ግን ጆሮ ብቻ አይበቃም፤ ሰውየው ራሱ እዚያ መገኘት አለበት። እኛ ነጋዴዎች ቀኑን ሙሉ እንሰማለን። የምናዳምጠው ግን ደንበኛውን፣ የምንዛሪውን ወሬና የትራንዚተሩን ስልክ ነው። ዘፈኑ በጎን ያልፋል።

እኔ ከአዲስ አበባ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጀበናና የባህል ልብስ ይዤ ናይሮቢ መመላለስ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ አንድ ነገር ነበር፤ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር። ያኔ አብዛኛው ኮረትና አቧራ ነበር። ዝናብ ከጣለ መኪናው ጭቃ ውስጥ ያድራል፣ ሰውም አብሮት ያድራል። አሁን አስፋልት ነው፤ ጠዋት ከሞያሌ የተነሳ ሰው ማርሳቢትን አልፎ በዚያው ቀን ናይሮቢ መግባት ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ቦታ የሚያስተናግዱበት የጋራ ኬላ ተመረቀ። እንዲህ ሲታሰብ ትርፍ ጊዜ ሊኖረን ይገባ ነበር። የት ሄደ?

መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በድሮው መንገድ ላይ ኔትወርክ አልነበረም። ከቱርቢ ወዲያ ስልኩ ዝም ሲል ነጋዴውም ዝም ይል ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ያተረፈልንን ሰዓት ስልኩ ጭኖታል። አንዱ በኤም-ፔሳ ላክሁ ይላል፣ አንዷ በቴሌግራም ፎቶ ልካ "ይሄ ጥለት አለ?" ትላለች፣ ቤት ያሉት ደግሞ ጋዝ አለቀ ይላሉ። ዘፈን የምንከፍተውም በዚያው ስልክ ስለሆነ አዝማቹ ላይ ሳንደርስ ይደወላል። ዘፈኑ ይቋረጣል፣ ዋጋ እንከራከራለን፣ ስንጨርስ ዘፈኑን ረስተነዋል።

የካሴትን ዘመን የምታስታውሱ ልዩነቱ ይገባችኋል። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ፊት ግማሽ ሰዓት ነው። ቴፑ ላይ ማንም አይደውልም። ካሴት በገንዘብ ስለሚገዛ ሰው ገንዘቡ እስኪወጣ ያዳምጠዋል፤ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ እንደገና ያዳምጠዋል። እኛ ቤት እሁድ ጠዋት ቴፑ ላይ ያለው የዳንቴል ልብስ ሲነሳ ልጆች መሯሯጥ እንደሌለብን እናውቅ ነበር። የዘፈኖቹን ተራ ሳይቀር በቃላችን ይዘነው ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ ሳይጀምር በሐሳባችን ይጀምራል። ዛሬ ሜሞሪ ካርድ ላይ አንድ ሺህ ዘፈን አስጭነን እንሄዳለን፤ ተራውን ግን የሚያውቅ የለም።

ከካሴቱም በፊት ቢሆን አባቶቻችን ለማዳመጥ ጊዜ የሚቆርጡበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ዘፈን ይቆምና በገና ይሰማል። ባለ 10 አውታሩ በገና ደግሞ ለገበያ ጫጫታ የተሠራ መሣሪያ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ሰውም ቀስ ብሎ ይሰማዋል። ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ በመውሊድና በረመዳን መንዙማ አለ፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ አንዳንዴ ሌሊቱ ይጋመሳል። "አሁን ጊዜ ስላለኝ ላዳምጥ" ያለ ሰው አልነበረም። ጊዜው ቀድሞ ተቆርጦ ተቀምጧል፣ ሰው ገብቶ ይቀመጥበታል።

ዘፈን የሚዘጋበት ጊዜም እንዲሁ የተቆረጠ ነው። ይህን ያወቅሁት እናቴ ባረፈች ዓመት ነው።

እናቴ ያረፈችው በኅዳር ነበር። ሣልስቷን አውጥቼ በሳምንቱ መንገድ ገባሁ። ሞያሌ ላይ የተራገፈ ዕቃ ነበረኝ፣ ናይሮቢ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበረኝ፣ የሚከፈል ዕቁብ ነበረብኝ። በንግድ ያላችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ለብሶ በርበሬ መመዘን እንግዳ ነገር አይደለም። ሀዘን ቤት ራዲዮ አይከፈትምና የሱቄን ራዲዮ ነቅዬ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩት። "ምነው ዛሬ ጸጥ አለ?" ብሎ የገባ ደንበኛ ቀና ብሎ ልብሴን ሲያይ "እግዜር ያጽናሽ" ይለኛል። እኔ ሳልናገር የተዘጋው ራዲዮ ይናገርልኝ ነበር።

ሙት ዓመቷን ባወጣን ማግስት ጎረቤታችን እማማ ጠሩኝና "ልጄ፣ ይበቃሻል። በይ ራዲዮሽን ክፈቺ። እሷም ብትሆን ዝምታ አትወድም ነበር" አሉኝ። እሺ አልኩ። ሱቅ ውስጥ ግን እጄ አልሄደም። ከዓመት በኋላ የሚከፈት የመጀመሪያ ዘፈን "የዚህ ዋጋው ስንት ነው?" እየተባለ እንዲያልፍ አልፈለግኩም።

በሳምንቱ ሞያሌ ነበርኩ። የዕቃው ወረቀት ስላልደረሰ ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ሹፌሩ የሻሸመኔ ልጅ ነው፤ አብረን ከሠራን ያኔ አምስት ዓመት አልፎን ነበር። በዚያ ዓመት ሁሉ እኔ ጋቢና በገባሁ ቁጥር ፍላሹን ይነቅል ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ያለ ዘፈን መንዳት ለሹፌር ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር ያላችሁ ጠይቁ። አንድ ቀን እንኳን አንስቶብኝ አያውቅም።

"እትዬ፣ ጥቁሩን አውልቀዋል መሰለኝ" አለኝ። "ልክፈተው?"

"ክፈተው። ግን የወሎ ካለህ።"

"የወሎማ ሞልቶ! ማሪቱ ለገሠ አለች።"

አምባሰል ነበር የከፈተው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሙቀቱ ይፋጃል፣ ከውጭ የፍየል ድምፅ ይሰማል። መሐል ላይ ስልኬ ጮኸ፤ የናይሮቢ ደንበኛ ነበረች። ሹፌሩ ስልኩን አንስቶ በፊቱ ደፋው። እንደገና ጮኸ፣ እንደገና ዝም አለ። እናቴ የወሎ ልጅ ነበረች፤ እንዝርት ስታሾር የምታንጎራጉረው በዚሁ ቅኝት ነበር። ቃሉን ብዙም አላስታውሰውም። የማስታውሰው የምትተነፍስበትን ቦታ ነው። ዘፋኟ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ እንባዬ መጣ። ሹፌሩ ወደ ጎን መስታወቱ ዞሮ ቆየ። ዘፈኑ ሲያልቅ ቀጣዩ እንዳይገባ ቶሎ ብሎ ዘጋው።

"ልድገመው እትዬ?"

"ለዛሬ ይበቃል።"

ደንበኛዋን መልሼ ደወልኩላት። ቅር አላላትም፤ ዕቃዋም ቦታው ነበር።

ያንን ዘፈን ለማዳመጥ የወሰደብን ጥቂት ደቂቃ ነው። ያን ያህል ጊዜ በየቀኑ ነበረኝ፣ እናንተም አላችሁ። ከዚያ በኋላ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ስንጫወት ነገሩን እያነሳሁ ጠየቅኩ፤ የሰማሁትም የእኔኑ የሚመስል ነው። "ጊዜ የለኝም" ከምንለው ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሌላ ነው፤ ዘፈን በደንብ ሲደመጥ አብሮት የሚከፈት ነገር አለ። ያንን ነገር ጠቅልለን አስረን፣ "ዕቃው ይለፍና" ብለን አስቀምጠነዋል። ስለዚህ ለስለስ ያለ ትዝታ ሲመጣ እጃችን ሳናውቀው ወደ ቀጣዩ ዘፈን ይሄዳል።

በመተማ በኩል ከሱዳን ጋር ሲነግድ የኖረ ወዳጅ አለኝ። እንደ ብዙዎቻችን መሐመድ ዋርዲን ይወድዳል። ዋርዲ ኑቢያዊ ነው፣ የዘፈነውም በዓረብኛና በኑብኛ ነው፤ እንደ እኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የተሠራ ዜማ ስለሆነ ግን ዓረብኛ የማይችለው የአገራችን ሰው ሁሉ ቤቱ የገባ ያህል ይቀበለዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ከሱዳን ውጭም ብዙ ሰው አዝኗል። ወዳጄ ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሳ ወዲህ ዋርዲን እስከ መጨረሻው መስማት እንደማይችል ነገረኝ። ካርቱም የነበረው ሸሪኩ የት እንደገባ አያውቅም። "ግማሽ ላይ እዘጋዋለሁ" አለኝ። ሥራ በዝቶበት እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። ባለፈው ስንገናኝ ግን ሱዳናዊ ሻይ ሻጭ ዘንድ ቁጭ ብለው ለሁለት አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አዳምጠዋል። ሻይ ሻጯም የምትጠብቃቸው ሰዎች አሏት። ምን ተባባላችሁ ብለው "ምንም፤ ስኳር ጨመረችልኝ" አለ።

እንግዲህ እንዴት ይደረግ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

አንደኛ፣ አንድ ዘፈን። ሙሉ አልበም የሚሰማበት ቀን እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይኖራል። አንድ ዘፈን ግን ወረፋ ላይ፣ ትራንዚተር ስትጠብቁ፣ መኪናው ጎማ ሲቀየርለት ይገባል። ከመንገድ በፊት ማታውኑ መርጬ አድራለሁ፤ ያለዚያ ሰዓቱ ሲገኝ ስመርጥ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ስልኩን ከኔትወርክ ማውጣት። ኤሮፕሌን ሞድ የሚባለው ለአውሮፕላን ብቻ አይደለም። ለዚያች አጭር ጊዜ ስልኩ ካሴት ይሆናል። የሚደውል ሰው ስልኩ አልሠራ ሲለው ቱርቢ አካባቢ ያለሁ ይመስለዋል።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ እየቆጠሩ አለማዳመጥ። ሁለቱም ይበላሻሉ።

አራተኛ፣ ቤት ያላችሁ ቡናውን ተጠቀሙበት። አቦሉ የወሬ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው አለው፣ አይቻልም። ቶናው ላይ ግን ወሬው ይረጋል፣ ያኔ ነው አንድ ዘፈን የሚገባው። በረካው ላይ ስለ ዘፈኑ ይወራል።

አምስተኛ፣ ምን እንደምታዳምጡ ጥቂት ማወቅ ጆሮን ያነቃል። አራቱን ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እንላለን። ከእነዚህ ውስጥ ባቲ ለእኛ ለነጋዴዎች የተለየች መሆን አለባት። ባቲ ወሎ ውስጥ ያለች፣ ደገኛውና አፋሩ ሰኞ ሰኞ የሚገናኙባት የታወቀች የገበያ ከተማ ናት። አንዱ ግመልና ጨው፣ ሌላው እህል ይዞ ይመጣባታል። ቅኝቱንና የገበያዋን ከተማ በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። የባቲ ዘፈን ስሰማ የሰኞ ገበያ ፊቴ ላይ ይመጣል፤ እኔ የማልናገረውን ቋንቋ ከሚናገር ሰው ጋር በጣት ዋጋ መስማማት።

የጎረቤቶቻችንንም ሙዚቃ እንዲሁ። ኬንያ ውስጥ ከሉኦዎች የተነሳውን ቤንጋ ማታቱ ውስጥ ስንሰማው ጊታሩ ዝም ብሎ የሚለፈልፍ ይመስለናል። አንድ የኬንያ ነጋዴ ናንዩኪ ላይ ሻይ ስንጠጣ ዋናው ያለው ወደ መጨረሻው እንደሆነ አሳየችኝ፤ ዘፋኙ የሚለውን ብሎ ዝም ይላል፣ ከዚያ ጊታሮቹ ይከፈታሉ፣ ዳንሱም ያኔ ነው። ግማሽ ላይ የዘጋው ሰው ቤንጋን አልሰማም ማለት ነው። ከእሷ ጋር የምንግባባው በተሰባበረ ስዋሂሊ ነው፤ ሰዓት አቆጣጠራችን ግን አንድ ነው፣ እነሱም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይላሉ። "ነገ ሦስት ሰዓት" ስንባባል አንሳሳትም።

ሙዚቃ ማዳመጥ ለራስ ብቻ የሚመስላቸው ይኖራሉ። ለቤተሰብ ምን እንደሚያደርግ ልጨምር። ናይሮቢ ስገባ የማርፈው እህቴ ዘንድ ነው። ልጇ 12 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ፣ ከጓደኞቿ ጋር ሼንግ ትናገራለች፤ አማርኛዋ የማዕድ ቤት አማርኛ ነው። "ብዪ፣ ጠጪ፣ ዝጊው" ይገባታል፣ ከዚያ ያለፈው ያስቸግራታል። እሁድ ቡና ላይ አንድ ዘፈን የሚከፈትበትን ነገር እኔ ካስለመድኳቸው ወዲህ መምረጡን ለእሷ ሰጥተናታል። አንድ ቀን ዘፈኑ ሲያልቅ እንዲህ አለችኝ፦

"አክስቴ፣ እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ሆዳቸውን ያማቸዋል እንዴ? ሁሉም ሆዴ፣ አንጀቴ ይላሉ።"

እህቴ ሳቅ አፈናት። እኔ ግን ጥያቄው ደስ አለኝ። አማርኛ ስሜትን ሆድ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ፣ ያዘነ ሰው ሆድ ባሰኝ፣ የራራ ሰው አንጀቴን በላው እንደሚል፣ ታጋሽ ሰው ሆደ ሰፊ እንደሚባል እየቆጠርኩ ነገርኳት። ከዚያ ሌላ ዘፈን አመጣች፤ እዚያም ውስጥ ሰምና ወርቅ ነበር። ላይ ላዩን ስለ ፍቅር ነው፣ ሥሩ ስለ አገር። በደርግ ጊዜ ሳንሱር ስለነበር ዘፋኙ እንዲህ እያሸሸ ይናገር እንደነበር አያቷን እያነሳን አወራናት። ወርቁ በአንድ ጊዜ አይገኝም፤ ሁለት ሦስቴ መደመጥ አለበት። በጎን የሚያልፍ ዘፈን ሰሙን ብቻ ጥሎ ይሄዳል። ይህንን ለልጆቻችን በአስተማሪ እናሠራዋለን ብንል ክፍያውን አንችለውም። አንድ ዘፈንና ሦስት ስኒ ቡና ግን ቤታችን አለ።

ጊዜ ማጣት ለሁሉም እኩል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጉሊት ላይ ልጅ አዝላ የምትውል እናት፣ አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ሲጠብቅ የሚያድር ልጅ፣ ለእነዚህ አምስት ደቂቃ ጸጥታ ራሱ ቅንጦት ነው። ለእነሱ በየቀኑ አድርጉ ማለት ሸክም መጨመር ይሆናል። በሳምንት አንዴም ይበቃል። እኔም በየሳምንቱ አይሳካልኝም። ዱቤ የምጽፍበት ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ያዳመጥኩትን ዘፈን፣ ቦታውንና ከማን ጋር እንደነበርኩ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት 31 መስመር ሆነ። ሞያሌ፣ ያቤሎ፣ ዲላ፣ ኢሲዮሎ፣ እህቴ ቤት። ከሹፌሩ ጋር ዘጠኝ ጊዜ። እማማ ቤት ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ እሱንም ጽፌዋለሁ።

የፊተኛው ገጽ ላይ ማን ስንት እንዳለበት አለ። እሱን በየቀኑ አየዋለሁ። የኋላውን የማየው ዕቃ ዘግይቶ መጠበቅ ሲሰለቸኝ ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች በዚህ ሳምንት መንገድ የምትገቡ ከሆነ ዛሬ ማታ አንድ ዘፈን መርጣችሁ እደሩ። አብሯችሁ የሚጓዝ ሰው ካለም ጠይቁት፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ ለእናንተ ብሎ የዘጋው ሊኖር ይችላል።